የምትወዳችሁ ድመት ለምን ነከስ ታደርጋችኋለች? ምክንያቱን የማወቂያ ዝርዝር መመሪያ

ጭናችሁ ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ተከድኗል፤ ያ የታወቀው «ርርርር» ከደረቷ ይሰማል። እጃችሁን ላስ ላስ ታደርጋለች። ከዚያ ድንገት አውራ ጣታችሁን በጥርሷ ያዝ ታደርጋለች። አያምም፤ ደም የለም፤ ጥፍርም አልወጣም። ትንሽ ይዛው ትቆይና ትለቃለች። አንዳንዷ እንዲያውም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ መላሷ ትመለሳለች።

ሰው በዚህ ጊዜ ወይ «ስለወደደችኝ ነው» ይላል፣ ወይ «ይህቺ ከሃዲ» ብሎ ይቀየማል። ሁለቱም ችኮላ ነው። ለስላሳ ንክሻ አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። ዛሬ ጠዋት «በቃኝ» ማለት ነበር፤ ማታ ደግሞ «እንጫወት» ሊሆን ይችላል። ንክሻው ራሱ የቱ እንደሆነ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ከንክሻው በፊት ያለፉት ጥቂት ሰከንዶችና ከንክሻው በኋላ የምታደርገው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚያን ሰከንዶች ስለማየት ነው።

ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ድመቷን በሴት እጠራታለሁ። ለወንዱም ያው ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይለያል፤ እዚያ ስንደርስ አነሳዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ንክሻው የእውነት ለስላሳ ነው?

መጀመሪያ ይህን እናጥራ። አንድ ድመት ካደገች በኋላ 30 ጥርስ አላት። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ረጃጅምና ሹል ክራንቻዎች ናቸው። መጉዳት ብትፈልግ ቆዳችሁን መብሳት ለእሷ የሰከንድ ሥራ ነው። ስለዚህ ጣታችሁን ይዛ ምንም ካልጎዳች፣ አቅም አንሷት ሳይሆን ኃይሏን ስለመጠነች ነው።

ለስላሳው ንክሻ ሲሆን ሰውነቷ ዘና እንዳለ ይቆያል። ጆሮዋ ወደ ኋላ አልተለጠፈም። አትጮህም፣ «ህስስስ» አትልም፣ ፀጉሯ አይቆምም። ትይዛለች፣ ትለቃለች። ቆዳችሁ ላይ ቢበዛ ትንሽ የጥርስ ምልክት ይቀራል፤ እሱም ወዲያው ይጠፋል።

ጆሮዋን ለጥፋ፣ ሰውነቷን አደንድና፣ እየጮኸች ከነከሰች ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ፈርታለች፣ ወይ ተናዳለች፣ ወይ አሟታል። ለምሳሌ በመስኮት ሌላ ድመት አይታ ደሟ የፈላ ድመት አጠገቧ ያገኘችውን ሰው ልትነክስ ትችላለች። ጠቧ ከእናንተ ጋር አይደለም፤ እናንተ ቅርብ ስለነበራችሁ ብቻ ነው። እንዲህ ስትሆን አትንኳት፤ አታባብሏትም። ክፍሉን ለእሷ ትታችሁ ውጡ። እስክትረጋጋ ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድባት ይችላል።

ደረጃ 2፦ ለጥቂት ቀናት መዝግቡ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። «ሁሌም ዝም ብላ በድንገት ነው የምትነክሰኝ» የሚል ሰው ለአንድ ሳምንት ቢመዘግብ «በድንገት» የሚለው ቃል ከአፉ ይጠፋል።

ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱ። በነከሰቻችሁ ቁጥር እነዚህን ጻፉ፦

- ስንት ሰዓት ነበር? ከበላች በኋላ ነው ወይስ በፊት?
- እጄ የት ነበር? ጭንቅላቷ ላይ፣ ሆዷ ላይ ወይስ ጅራቷ ሥር? ወይስ እኔ ጭራሽ አልነካኋትም?
- ለምን ያህል ጊዜ ስዳብሳት ቆየሁ?
- ጅራቷ፣ ጆሮዋና ዓይኗ ምን ይመስሉ ነበር?
- ከነከሰች በኋላ ምን አደረገች?
- እኔስ ምን አደረግኩ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሱ። ድመት ከእናንተ መልስ ትማራለች። ስትነክሳችሁ ተነስታችሁ ምግብ ከሰጣችኋት ነገም ትነክሳለች። እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ከሳቃችሁም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ ማስታወሻውን ከምክንያቶቹ ጋር አስተያዩ

«በቃኝ»

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄኛው ነው። ሰውን ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ድመቷ ራሷ መጥታ፣ ራሷ ጭን ላይ ወጥታ፣ ደስ ብሏት ቆይታ ነው የምትነክሰው።

ድመቶች እርስ በርስ ሲፋቀሩ አይታችሁ ከሆነ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይተሻሻሉ፣ ጭንቅላትና አንገት ይላላሳሉ። አጭር ነው፤ አብዛኛውም ጭንቅላት አካባቢ ነው። እኛ ደግሞ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ድረስ፣ ያለማቋረጥ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ እንዳብሳለን። መጀመሪያ ላይ ደስ ያላት ነገር ሲደጋገም ይከብዳታል። ገደቡ ደግሞ ከድመት ድመት ይለያያል። አንዷ ግማሽ ሰዓት ብትዳበስ አይሰለቻትም፤ ሌላዋ በአስረኛው ሰከንድ ይበቃታል። ያቺው ድመት ራሷ ዛሬና ነገ አንድ አይደለችም።

ከመንከሷ በፊት ግን ትናገራለች። የጅራቷ ጫፍ ቶሎ ቶሎ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከዚያ ጅራቷ በሙሉ ሶፋውን መምታት ይጀምራል። ጆሮዋ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይዞራል። የጀርባዋ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት ሁሉ ይርገበገባል። «ርርር» የሚለው ድምፅ ይቆማል። ሰውነቷ ደንደን ይላል። በመጨረሻም ጭንቅላቷን መለስ አድርጋ እጃችሁን ታያለች። ይቺ እይታ የመጨረሻዋ ማስጠንቀቂያ ናት። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ጥርስ ነው።

ከነከሰች በኋላስ? ብዙ ጊዜ ትነሳና ትሄዳለች፤ ወይም ፊቷን አዙራ ራሷን መላስ ትጀምራለች። ያኔ መልሱ «በቃኝ» እንደነበር እወቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ርርር እያለች ነበር እኮ!» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ድመት ስትደሰት ብቻ ሳይሆን ሲያማትም፣ ሲጨንቃትም ያንኑ ድምፅ ታሰማለች። ድምፁን ከሰውነቷ ጋር አብራችሁ አንብቡት።

«እንጫወት»

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ? ሆዷ ሞልቶ፣ ለስላሳ አልጋ ተነጥፎላትም ቢሆን አዳኝ ናት። ማድባት፣ ማሳደድ፣ ዘሎ መያዝ፣ መንከስ። ይህ ቅደም ተከተል ከራብ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች። ቤት ውስጥ የሚታደን ነገር ከሌለ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው የእናንተ እግር ነው።

ይህንን በቀላሉ ታውቁታላችሁ። ንክሻው የሚመጣው ስትዳብሷት ሳይሆን ስትንቀሳቀሱ ነው። ቁርጭምጭሚት፣ ብርድ ልብስ ሥር የሚንቀሳቀስ የእግር ጣት፣ ኪቦርድ ላይ የሚሯሯጥ እጅ። ከመዝለሏ በፊት መሬት ላይ ትለጠፋለች፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ቂጧን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች። ሰዓቱም ይናገራል። ድመቶች በተፈጥሯቸው ሊነጋጋ ሲልና ሲመሻሽ ነው ንቁ የሚሆኑት። ነክሳ ሮጣ ሄዳ፣ ከበር ጀርባ ብቅ ብላ ካየቻችሁ ጨዋታ ነው።

አንዳንዴ ክንዳችሁን በሁለት እጇ አቅፋ እየነከሰች በኋላ እግሮቿ ትደበድባችኋለች። ይህም ያው የአደን እንቅስቃሴ ነው። ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ሆዷን ስታሳያችሁ እጃችሁን የሰደዳችሁ ጊዜ ይሄ ሊያጋጥም ይችላል። ሆድ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ «አምንሃለሁ» ነው እንጂ «ንካኝ» አይደለም።

«ላጽዳችሁ»

ድመት ራሷን ስታጸዳ መላስ ብቻ አይደለም የምታደርገው። የተቋጠረ ፀጉር ስታገኝ በትናንሾቹ የፊት ጥርሶቿ ነጨት ነጨት ታደርገዋለች። የምታቀርበውን ድመትም እንዲሁ ታጸዳለች። እናንተንም ከቤተሰብ ከቆጠረቻችሁ በዚሁ ሥርዓት ታስተናግዳችኋለች። መጀመሪያ ትልሳለች፣ ከዚያ ትንንሽና ፈጣን ንክሻዎች፣ ከዚያ እንደገና መላስ። ሰውነቷ እንደለሰለሰ ነው፤ ጅራቷም ጸጥ ብሏል። «የፍቅር ንክሻ» የሚለው ስም በእርግጥ የሚገባው ለዚህኛው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ስሙኝ እንጂ!»

እዚህ ጋ እጃችሁ ድመቷ ላይ የለም። ሥራ ላይ ናችሁ፣ ወይም ተኝታችኋል። መጥታ ክንዳችሁን ነከስ ታደርግና ፊታችሁን ታያለች። ከዚያ ወደ ምግብ ሳህኗ ወይም ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር ትላለች። ይህ የተማረችው ነገር ነው። አንድ ቀን ሞከረችው፤ ሠራላት።

የዕድሜና የአስተዳደግ ጉዳይ

ግልገል ከሆነች ምክንያቱ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ግልገሎች 26 የወተት ጥርስ አላቸው። ከ3 ወይም ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ መርገፍ ይጀምራሉ፤ በ6 እና በ7 ወር ገደማ ቋሚዎቹ ተተክተው ያልቃሉ። በዚህ መካከል ድዷን ስለሚበላት ያገኘችውን ሁሉ ታኝካለች። ይህ ያልፋል።

የማያልፈው ሌላ ነው። ግልገሎች ኃይላቸውን መመጠን የሚማሩት ከእናታቸውና ከወንድም እህቶቻቸው ጋር ሲታገሉ ነው። አንዷ ጠንከር አድርጋ ከነከሰች ሌላዋ ጮሃ ጨዋታውን ታቋርጣለች፤ ወይም አጸፋውን ትመልሳለች። ያለ እነሱ ያደገች ድመት ይህ ትምህርት ይጎድላታል። የፊንላንዱ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 6 ሺህ በሚጠጉ ድመቶች ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት፣ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው የተለዩ ድመቶች ላይ የጠበኝነት ጠባይ የመታየቱ ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ግልገል የምትወስዱ ከሆነ አትቸኩሉ። እስከ 12 ሳምንት ብትቆይ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ወንድ ድመት

ያልኩት ልዩነት ይሄ ነው። ወንድ ድመት በግንኙነት ጊዜ የሴቷን ማጅራት በጥርሱ ይይዛል። አንዳንድ ወንዶች፣ የተኮላሹትም ጭምር፣ የሰው ክንድ ወይም ብርድ ልብስ በጥርስ ይዘው በእግራቸው እያፈራረቁ ይጫናሉ። አትደናገጡ፤ አትሳቁበትም። ክንዳችሁን ቀስ ብላችሁ አላቁና መጫወቻ ወርውሩለት። ካልተኮላሸ ማስኮላሸቱ ብዙ ጊዜ ይህን ይቀንሰዋል።

ደረጃ 4፦ በጥርሷ እንደያዘቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ምንም። ድርቅ በሉ። እጃችሁ ሕይወት እንደሌለው ነገር ይሁን።

ደመ ነፍሳችን እጃችንን ቶሎ መንጠቅ ነው የሚፈልገው። ግን የሚሸሽ ነገር ለድመት አደን ነው፤ በስታ የመያዝ ፍላጎቷ ይነሳል። ቆዳችሁም ጥርሷ ላይ ይቀደዳል። ዝም ካላችሁ ግን ብዙ ጊዜ ራሷ ትለቃለች። ካልለቀቀች እጃችሁን ወደ ኋላ ከመሳብ ይልቅ በጣም በቀስታ ወደ እሷ ገፋ አድርጉት። አደን ወደ አዳኙ አይመጣምና ግራ ይገባትና ትለቃለች።

ከለቀቀች በኋላ ያለ ጩኸት ተነሱ። ጭናችሁ ላይ ከሆነች ዝም ብላችሁ ስትቆሙ ትወርዳለች። ለአንድ ሁለት ደቂቃ አታናግሯት፣ አትዩዋትም። ትምህርቱ «ስነክስ ነገሩ ያበቃል» የሚል ነው። በየቀኑ፣ በቤቱ ሰው ሁሉ ሲደገም ይገባታል።

አፍንጫዋን መምታት፣ ውሃ መርጨት፣ ማጅራቷን ይዞ ማንጠልጠል፣ መጮህ፤ እነዚህን ተዉ። ድመት ቅጣቱን የምታያይዘው ከንክሻው ጋር ሳይሆን ከእናንተ ጋር ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ለስላሳው ንክሻ ማስጠንቀቂያ ከነበረ፣ በማስጠንቀቋ የተቀጣች ድመት ማስጠንቀቁን ትተወዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ በቀጥታ ወደ ጠንካራው ትሄዳለች። በእኔ አመለካከት ሰዎች ቤት ውስጥ «ክፉ ድመት» የሚፈጥሩት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ደረጃ 5፦ አዳበሳችሁን ቀይሩ («በቃኝ» ለምትለው)

ጥሪው ከእሷ ይምጣ። እጃችሁን አለስልሳችሁ፣ ጣታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ከአፍንጫዋ ትንሽ ራቅ አድርጉ። አሽትታ ጉንጯን ካሻሸችበት ፈቅዳለች። አሽትታ ዞር ካለች አልፈቀደችም። ክርክር የለም።

ከዚያ ጉንጯን፣ አገጯን ሥር፣ የጆሮዋን ሥር ዳብሱ። እነዚህ ቦታዎች ላይ የራሷን ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ፤ እሷም ዕቃ ላይ የምታሻሸው እነሱኑ ነው። ሆዷን፣ እግሮቿንና የጅራቷን ሥር ለሌላ ቀን ተዉት። ጅራት ሥር ሲነካ ደስ የሚላቸው ድመቶች አሉ፤ ግን ቶሎ የሚሞቃቸውም እነሱ ናቸው። ጢሟንም አትንኩ።

አሁን ዋናዋ ነገር። ሦስት ወይም አምስት ሰከንድ ዳብሱና እጃችሁን አንሱ። ምን ታደርጋለች? ጭንቅላቷን ወደ እጃችሁ ከገፋች ቀጥሉ። ዝም ካለች እናንተም ዝም በሉ። ይህቺ እረፍት «ልቀጥል?» ብላችሁ እንደመጠየቅ ናት፤ ድመቷም መልስ ለመስጠት ጥርስ አያስፈልጋትም። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ሞክረዋል። ለድመቷ ምርጫ መስጠትን፣ የሰውነት ቋንቋዋን ማየትንና የት መንካት እንዳለባቸው ለሰዎች በአጭሩ አስተማሩ። ከትምህርቱ በኋላ ድመቶቹ ለእነዚያው ሰዎች ይበልጥ ተግባቢ ሆኑ፤ ኃይለኛ ጠባያቸውም ቀነሰ። ድመቶቹን ማንም አላሠለጠናቸውም። የሠለጠነው ሰው ነው።

ከማስታወሻችሁ ላይ «በአማካይ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ትነክሳለች» የሚል ነገር ካገኛችሁ፣ በሠላሳ ሰከንድ አቁሙ። ሳትጠግብ ተዉዋት። ቀስ በቀስ ገደቧ ሊሰፋ ይችላል። ባይሰፋም ችግር የለውም፤ አጠገባችሁ ተኝታ አለመነካት የሚመርጡ ድመቶችም አሉ፣ ፍቅራቸው ግን ያው ነው። ለእነሱ በዓይን ማውራት ይበቃል። ዓይናችሁን በዝግታ ከደን ከፈት አድርጉላት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ድመቶች እንዲህ ሲደረግላቸው እነሱም ዓይናቸውን በዝግታ መክደን እንደሚመልሱና ወደ ሰውየው ለመቅረብም ይበልጥ እንደሚደፍሩ አሳይቷል።

ደረጃ 6፦ አደኗን ስጧት («እንጫወት» ለምትለው)

እጅና እግር መጫወቻ አይደሉም። ይህ ሕግ ከግልገልነቷ ይጀምር። ሁለት ወር የሞላት ድመት ጣት ስትነክስ ታስቃለች፤ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን ያው ጨዋታ ያደማል። አንዱ የቤቱ ሰው ሲከለክል ሌላው በእጁ የሚያታግላት ከሆነ ደግሞ ምንም አትማርም። እንግዶችንም አስጠንቅቁ።

በጠዋትና በማታ፣ እሷ በምትነቃባቸው ሰዓቶች፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አጫውቷት። ከሁሉ የሚሻለው በእንጨት ጫፍ ላይ ክር ታስሮ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ላባ ወይም ጨርቅ ያለበት ነው፤ እጃችሁን ከጥርሷ ያርቃል። መጫወቻውን ወደ ፊቷ አታምጡት። ከእሷ እየሸሸ፣ ከወንበር ሥር እየተደበቀ፣ ቆም እያለ ይሂድ። በየመሃሉ ትያዘው። ፈጽሞ የማይያዝ አደን ያበሳጫል። የሌዘር መብራት የምትጠቀሙ ከሆነም መጨረሻ ላይ ብርሃኑን አንድ መጫወቻ ላይ አሳርፉላት፤ የምትጨብጠው ነገር ታግኝ። ክሩን ስትጨርሱ ደብቁት፤ ክር የዋጠች ድመት አንጀቷ ለከባድ ጉዳት ይጋለጣል።

ከጨዋታው በኋላ ምግብ ስጧት። አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ፣ ትተኛለች። የማታው ዙር ከመተኛታችሁ በፊት ከሆነ እግራችሁም በሰላም ያድራል።

ክንዳችሁን አቅፋ መደብደብ ለምትወድ ደግሞ ረዘም ያለ የጨርቅ አሻንጉሊት አዘጋጁላት። ልትጀምራችሁ ስትል እሱን አስታቅፏት።

ደረጃ 7፦ ለጥያቄ ንክሻ አትሸለሙ

ምግብ ስትፈልግ የምትነክስ ድመት ካለቻችሁ ከንክሻው በኋላ ምግብ መስጠት አይቻልም። በቃ። ምግቧን በተወሰነ ሰዓት ስጧት፤ ጠዋት የምትቀሰቅሳችሁ ከሆነ ደግሞ ከአልጋ እንደወረዳችሁ ወዲያው አትስጧት። ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ለባብሳችሁ፣ ከዚያ። በመነሳታችሁና በምግቡ መካከል ያለው ገመድ ይበጠሳል።

መጀመሪያ ላይ ይብሳል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። ትሠራ የነበረችው ንክሻ አልሠራ ስትል ድመቷ አጠንክራና ደጋግማ ትሞክራለች። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። በአምስተኛው ንክሻ ተነስታችሁ ከሰጣችኋት ያስተማራችኋት «አምስት ጊዜ መንከስ ያስፈልጋል» የሚለውን ነው። ይልቅ ሳትነክስ መጥታ ዝም ብላ ስትቀመጥ፣ ያኔ አናግሯት፤ ያኔ ዳብሷት።

መቼ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው?

ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ። ዓመታት ሙሉ ስትዳበስ የኖረች ድመት አሁን ጀርባዋ ወይም ዳሌዋ ሲነካ ብቻ የምትነክስ ከሆነ ሥልጠና አይደለም የሚያስፈልጋት፤ ምርመራ ነው። ድመቶች ሕመማቸውን በመደበቅ የተካኑ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ በሆኑ ድመቶች ራጅ ላይ በተደረገ አንድ ጥናት 90 በመቶዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ምልክት ታይቷል። እነዚህ ድመቶች ሁሉም ሲራመዱ እግራቸውን አያነክሱም። ዝላይ ይቀንሳሉ፣ ጀርባቸውን መላስ ይተዋሉ፣ ሲነኩ ይነክሳሉ። የጥርስና የድድ ሕመም፣ የቆዳ በሽታ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትም ድመትን ነጭናጫ ያደርጋሉ። ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ትነክሳለች» ከማለት «የግራ ዳሌዋን ስነካ ትነክሳለች» ማለት ለእንስሳት ሐኪሙ ብዙ ነገር ይነግረዋል።

ጥርሷ ቆዳ ከበሳ

ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የድመት ክራንቻ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቀዳዳው ከላይ ትንሽ ነው፤ ባክቴሪያውን ግን ወደ ጥልቅ ያስገባል። ብዙ ድመቶች አፍ ውስጥ ፓስቴሬላ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። ቁስሉ የሚያመረቅዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ መቅላትና ማበጥ ይጀምራል።

ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት። እጅ ላይ፣ በተለይ መገጣጠሚያና ጅማት አካባቢ ከሆነ ባያምም ሐኪም ይየው፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል። የቴታነስ ክትባታችሁ መቼ እንደነበርም ይጠይቃችኋል። ትኩሳት፣ የሚሰራጭ መቅላት ወይም መግል ካያችሁ አትጠብቁ።

ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰደች ወይም የማታውቋት ከሆነች ግን ለ15 ደቂቃ ያህል ታጥባችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ይህ በሽታ ከውሻ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ይከላከለዋል።

ለስላሳውን ንክሻስ የግድ ማስቆም አለብን?

እየላሰች ነጨት ነጨት የምታደርግ፣ ቆዳ ላይ ምንም የማይተው፣ እናንተም የማትጠሉት ከሆነ ተዉዋት። እኔ የማስቆምበት ምክንያት አይታየኝም። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ቆዳው የሳሳ አረጋዊ፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም የሰውነት መከላከያ አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ ግን ለእነሱ ሲባል ለማንም ባይፈቀድላት ይሻላል፤ ድመት «እናቴን እችላለሁ፣ አያቴን አልችልም» ብላ አትለይም። ልጆችም ድመቷን ጭን ላይ አስቀምጦ ከማቀፍ ይልቅ ወለል ላይ ተቀምጠው እሷ እስክትመጣ መጠበቅን ይልመዱ፤ ጅራቷ መወዛወዝ ሲጀምርም እጃቸውን ማንሳትን።